ክኒኑ ሲቀየር መጠኑም ይፈተሽ፦ የፈረንሳይ የታይሮይድ መድኃኒት ውዝግብ ለእኛ ያለው ትምህርት

በማርች 2017 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች በየማለዳው የሚውጡት ክኒን ተለወጠ። ስሙ ሌቮታይሮክስ እንደተባለ ቀጠለ፤ አምራቹ ያው የጀርመኑ መርክ ነው፤ በውስጡ ያለው ሌቮታይሮክሲን የተባለ ሆርሞንም፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው መጠንም አልተነካም። የተለወጠው ሆርሞኑን በክኒን መልክ የሚይዘው ማሟያ ብቻ ነበር። ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ወጥቶ በምትኩ ማኒቶልና ሲትሪክ አሲድ ገቡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ድካም፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ማዞር፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም፣ የፀጉር መርገፍና ድባቴ ያስቸገራቸው ሰዎች ድምፃቸውን ማሰማት ጀመሩ። የቀድሞው ክኒን እንዲመለስ የጠየቀው አቤቱታ ከ300,000 በላይ ፊርማ አሰባሰበ። የጎንዮሽ ጉዳት ደርሶብናል ብለው ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ያመለከቱትም ከ30,000 በለጡ።

ይህ ታሪክ ታይሮይዱን በመድኃኒት የሚያስታምም ሰው ሁሉ፣ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን ወይም ሪያድ፣ ሊያውቀው የሚገባ ነው። የታይሮይድ መድኃኒት ትክክለኛ መጠን የሚገኘው የአንድ ሰው አካል ከአንድ የተወሰነ ክኒን ጋር ሲለማመድ፣ በደም ምርመራና በሕመምተኛው ቃል እየታረመ ነው። ክኒኑ ከተቀየረ ያ ሁሉ ልምምድ እንደገና መፈተሽ አለበት። ሕመምተኛውም ይህን አስቀድሞ የማወቅ መብት አለው። ፈረንሳይ ውስጥ የተጣሰው ይህ መብት ነው፤ በአገራችን ደግሞ መጣሱ እንኳ ሳይታወቅ በየጊዜው ይጣሳል።

ጠባብ ሚዛን

ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብላ የተቀመጠች ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን የልብን ምት፣ የሰውነትን ሙቀት፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ፣ የጡንቻንና የአእምሮን ፍጥነት ይገዛል። ዕጢዋ ስትደክም፣ በቀዶ ሕክምና ስትወጣ ወይም በሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ሥራዋን ስታቆም የጎደለውን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ነው። ሕክምናው የተጀመረው በ1891 ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተዘጋጀ ፈሳሽ ለአንዲት ሕመምተኛ በመርፌ ሲሰጥ ነው። በ1914 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል የዕጢዋን ሆርሞን ታይሮክሲንን ለይቶ አወጣው፤ በ1927 ደግሞ ሃሪንግተንና ባርገር በላቦራቶሪ ሠሩት።

የሚወሰደው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ዕጢው ጨርሶ ለማይሠራ አዋቂ መነሻው በአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 100 ማይክሮግራም ይደርሳል። ማይክሮግራም የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው። ዕድሜያቸው ለገፋና የልብ ሕመም ላለባቸው ከ12.5 ወይም ከ25 ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። መጠኑ መስማማቱ የሚታወቀው ቲኤስኤች በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን የምታዝዝበት ሆርሞን ሲሆን፣ ታይሮክሲን ሲያንስ ይወጣል፣ ሲበዛ ይወርዳል። በደም ውስጥ ያለው ታይሮክሲን በእጥፍ ሲለወጥ ቲኤስኤች እስከ መቶ እጥፍ ሊለወጥ ይችላል። በመጠን ላይ የሚመጣ ትንሽ ልዩነት በሰውነት ውስጥ ትልቅ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ዝግተኛ ነው። በደም ውስጥ ያለው ታይሮክሲን በግማሽ እስኪቀንስ 7 ቀን ያህል ይፈጃል። መጠኑ በተቀየረ ቁጥር ሰውነት አዲሱን ሚዛን የሚይዘው ከ5 ወይም ከ6 ሳምንት በኋላ ነው፤ ሐኪሞች ምርመራውን ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው የሚያዝዙትም ለዚሁ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አልተሻለኝም» ብሎ በራሱ የሚጨምር፣ ወይም ልቡ ሲመታ ደንግጦ የሚያቋርጥ ሰው የትኛው መጠን እንደሚስማማው የሚያውቅበትን ዕድል ያጣል።

ብዙዎች የጎንዮሽ ጉዳት የሚሉት ነገር አብዛኛውን ጊዜ የመጠን ምልክት ነው። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሰው በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ክብደት ይቀንሳል። ሲያንስ ብርድ ያስቸግራል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ፊት ያብጣል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ ክብደት ይጨምራል። ድካም፣ የፀጉር መርገፍና የጡንቻ ሕመም ግን በሁለቱም በኩል ይመጣሉ። ስለዚህ ምልክቱን ብቻ አይቶ «ጨምሪ» ወይም «ቀንሺ» ብሎ መምከር አደገኛ ነው።

የሕመምተኛው ስሜት ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ታሪክ አስተምሯል። የቲኤስኤች ምርመራ በ1970ዎቹ ከመስፋፋቱ በፊት በቀን 200 ማይክሮግራምና ከዚያም በላይ መውሰድ የተለመደ ነበር። ምርመራው ሲመጣ ብዙዎቹ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ይወስዱ እንደነበር ታወቀ። ከልክ ያለፈ መጠን ለጊዜው ብርታት የሚሰጥ ቢመስልም፣ ሲቆይ የልብን ምት ያዛባል፤ በተለይ የወር አበባቸው ባቆመ ሴቶች ላይ አጥንት ያሳሳል።

ጥራት ሲሻሻል የተናጋው ሚዛን

የፈረንሳዩ ለውጥ የታሰበው ለጥራት ነበር። የቀድሞው ክኒን መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር የሆርሞኑ አቅም እየቀነሰ ይሄድ ነበር፤ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላውም ልዩነት ይታይ ነበር። የአገሪቱ የመድኃኒት ደህንነት ኤጀንሲ በ2012፣ የአገልግሎት ዘመኑ እስኪያበቃ ድረስ ክኒኑ ከተጻፈበት መጠን ከ95 እስከ 105 በመቶ የሚሆነውን እንዲይዝ አምራቹን ጠየቀ። አሜሪካም በ2007 ተመሳሳይ ገደብ አውጥታ ነበር። ላክቶስ የወጣው ሆርሞኑ ሳይዳከም እንዲቆይ ተብሎ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ሴት ለዓመታት እየተመረመረች በቀድሞው ክኒን 100 ማይክሮግራም ተስማማት እንበል። የተስማማት ያ ክኒን ነው፤ አቅሙ በተወሰነ ደረጃ የሚቀንሰው፣ በእርሷ አንጀት በኩል በተወሰነ መጠን ወደ ደም የሚገባው። ከእርሱ የተሻለ ትክክለኛነት ያለው ክኒን ሲመጣ፣ ካርቶኑ ላይ ያው 100 ቢጻፍም፣ ለእርሷ አካል አዲስ መጠን ሊሆንባት ይችላል።

አምራቹ ሁለቱ ክኒኖች አንድ ናቸው ለማለት የተመረኮዘው 204 ጤነኛ ፈቃደኞችን ባሳተፈ ሙከራ ነው። ሙከራው ወደ ደም የገባውን የሆርሞን መጠን በአማካይ አነጻጸረና እኩል ሆኖ አገኘው። በ2019 የቱሉዝ ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ እንደገና መረመሩት። እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ሲያዩት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ተሳታፊዎች ላይ በሁለቱ ክኒኖች መካከል ያለው ልዩነት ተቀባይነት ካለው ክልል ውጭ ነበር። አንዱ ላይ 20 በመቶ ቢጨምርና ሌላው ላይ 20 በመቶ ቢቀንስ አማካዩ ምንም ለውጥ አያሳይም፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ሁለቱም ሊታመሙ ይችላሉ። ተቺዎች በበኩላቸው አንድ ሰው ያንኑ ክኒን በተለያየ ቀን ቢውጥ እንኳ ልዩነት ስለሚኖር ከዚህ ሙከራ ብዙ መደምደም እንደማይቻል ተከራከሩ። ክርክሩ ተገቢ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ አድርጓል፦ «በአማካይ እኩል ነው» የሚለው ዋስትና እያንዳንዱን ሕመምተኛ አይሸፍንም።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኞችን የጤና መድን መዝገብ አገላብጧል። ከለውጡ በኋላ ሞትም ሆነ ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ሕመም አልጨመረም፤ ሐኪም ዘንድ የሄደው ሰው ቁጥር ግን በተወሰነ ደረጃ ከፍ ብሏል። ሁለቱን ውጤቶች አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ክኒኑ መርዝ አልነበረም፤ ሕመምተኞቹም አልዋሹም።

ተመሳሳይ ነገር ከዚያ አስቀድሞ ኒው ዚላንድ ውስጥ ደርሷል። በ2007 ግላክሶስሚዝክላይን ኤልትሮክሲን የተባለውን ክኒን የሚያመርትበትን ቦታ ከካናዳ ወደ ጀርመን ሲያዛውር ማሟያዎቹ ተለወጡ፤ ቢጫ የነበረው ክኒንም ነጭ ሆነ። በ30 ዓመት ውስጥ 14 ሪፖርት ብቻ የቀረበበት መድኃኒት በ18 ወራት ከ1,400 በላይ ቀረበበት። ተመራማሪዎች ጉዳዩ በመገናኛ ብዙኃን በብዛት በተወራባቸው አካባቢዎች ሪፖርቱም እንደሚበዛ አዩ። ከዚህ ተነስተው የሕመሙ ከፊል ምንጭ ስጋት ነው የሚሉ አሉ። እኔም ይህን አልክድም፤ ስጋት የሰውን አካል በእርግጥ ያሳምማል። ግን ስጋቱ ከየት መጣ? ክኒኑ ቀለሙን ቀይሮ ሲመጣ ማንም ምክንያቱን ያልነገረው ሰው፣ ሲታመም ክኒኑን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። «ሁሉም በአእምሮህ ነው» የሚለው መልስ ደግሞ መጠኑ በእርግጥ የተዛባበትን ሰው ያለምርመራ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል።

ዝምታው ያስከፈለው ዋጋ

ለውጡ ሲመጣ ለሐኪሞችና ለፋርማሲስቶች ደብዳቤ ተልኳል። ክኒኑን በየቀኑ ወደሚውጡት ሰዎች ግን በቂ መረጃ አልደረሰም። ብዙዎች ነገሩን ያወቁት ከታመሙ በኋላ ነው። ገበያውን ከሞላ ጎደል ብቻውን የያዘው ሌቮታይሮክስ ስለነበር፣ ሌላ ክኒን ልሞክር ለሚል ሰው ምርጫው ጠባብ ነበር። ታዋቂዋ ተዋናይት አኒ ዱፔሬ በይፋ ለጤና ሚኒስትሯ አኜስ ቡዛን ጽፋ ምርጫ እንዲሰጥ ከጠየቁት አንዷ ናት። ሚኒስትሯም ሕመምተኞች በሚገባ እንዳልተነገራቸው አምነዋል። በኦክቶበር 2017 የቀድሞው ክኒን ዩቲሮክስ በሚል ስም በጊዜያዊነት ወደ አገር ገባ፤ የሌሎች አምራቾች ሌቮታይሮክሲንም ተጨመረ።

ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጁን 2020 የሊዮን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኩባንያው ሕመምተኞችን በሚገባ ባለማሳወቁ ጥፋተኛ ነው ሲል ከ3,300 ለሚበልጡ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ እንዲከፈል ወሰነ። በማርች 2022 የአገሪቱ ሰበር ሰሚ ችሎት ፍርዱን አጸና። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በወንጀል ምርመራው የኩባንያው የፈረንሳይ ቅርንጫፍና የመድኃኒት ኤጀንሲው ራሱ ተጠርጣሪ ተብለው ተመዘገቡ፤ ይህ የምርመራ ደረጃ እንጂ የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም። ካሳ የታዘዘበትን ምክንያት ልብ ማለት ይገባል። ክኒኑ መጥፎ ነው ብሎ የፈረደ የለም። የተፈረደው በዝምታው ላይ ነው።

በሌላ በኩል ይህ ታሪክ ውድ ስም ያለውን ክኒን ብቻ እንድንገዛ የሚመክር መስሎ እንዳይታይ። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ቤቲ ዶንግ ሲንትሮይድ የተባለውን ታዋቂ ክኒን ከርካሾቹ ጋር አነጻጽራ እኩል ሆነው ብታገኛቸው፣ ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው ቡትስ የተባለ ኩባንያ ውጤቱ እንዳይታተም ለዓመታት አገደ። የታተመው በ1997 ነው። ርካሽ ክኒን መጥፎ አይደለም። ጉዳት የሚያመጣው ሳይነገርና ሳይመረመር ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ነው።

በሻንጣ የሚመጣው ክኒን

ፈረንሳይን ያናወጠው ለውጥ አንድ ጊዜ የሆነ ነው። በእኛ አገር ግን አንድ ሕመምተኛ በዓመት ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊያልፍበት ይችላል። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ሲጠፋ ያለው ይገዛል፤ የዛሬ ወር የአንድ አገር ምርት፣ የሚቀጥለው ወር የሌላ። በመካከሉ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞ ይመጣል። ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ፍለጋ። በበሽታው ላይ የመድኃኒት እጦት ሲጨመር አበው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ያሉት ይሆናል። በዚህ መሐል ቲኤስኤች ተመርምሮ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ ሕመምተኛው ስንት ዓይነት ክኒን እንደዋጠ ሳይጠየቅ መጠን ይጨመርለታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መጨመር ግድ ነው። በሰፈር ወሬ «የእንቅርት መድኃኒት» የሚባለው አንድ ዓይነት አይደለም። ሌቮታይሮክሲን ሆርሞን ለጎደለው ነው። በአገራችን በስፋት የሚታዘዘው ፒቲዩ ወይም ፕሮፒልታዮዩራሲል ተቃራኒውን ይሠራል፤ ሆርሞን የበዛበትን ያበርዳል። የእርሱ ጉዳት ሌላ ነው። አልፎ አልፎ ጉበትን ይጎዳል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2010 ከባዱን ማስጠንቀቂያ የለጠፈበት በዚህ ነው። ነጭ የደም ሴሎችንም በድንገት ሊቀንስ ይችላል። ፒቲዩ እየወሰደ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም የያዘው ሰው ክኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነም እንዲሁ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። የጎረቤትን ክኒን መዋስ በዚህ በሽታ ሕይወት ያስከፍላል።

መጠን የሚገኝበት መንገድ

ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሲወሰድ ነው በደንብ የሚሠራው። ከቁርስ ቢያንስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መቅደም አለበት። ለእኛ ትልቁ ፈተና ቡና ነው። በ2008 የወጣ የጣሊያኖች ጥናት ክኒኑን ከቡና ጋር መውሰድ ወደ ደም የሚገባውን መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ አንድ ሰዓት ማዘግየት ይበቃል። የብረትና የካልሲየም እንክብሎች፣ የጨጓራ አሲድ የሚያበርዱ መድኃኒቶችም ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳሉ፤ ብረትና ካልሲየም 4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። ነፍሰ ጡር እናቶች ብረት ስለሚታዘዝላቸው ይህ በጣም ይመለከታቸዋል። ለእነርሱ ደግሞ የሆርሞን ፍላጎት ከ25 እስከ 50 በመቶ ከፍ ስለሚል፣ እርግዝና እንደታወቀ ለሐኪም መንገር ለፅንሱ አእምሮ ዕድገት ወሳኝ ነው።

የሚጾሙ ሰዎችስ? ክኒኑ በማለዳ ካልተቻለ ማታ፣ ከመጨረሻው ምግብ ከ3 ሰዓት በኋላ ሊወሰድ ይችላል። በ2010 የታተመ የሆላንድ ጥናት ከመኝታ በፊት መውሰድ ከጠዋቱ ያላነሰ፣ እንዲያውም የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። በረመዳንም ሆነ በሁዳዴ ይህ መፍትሔ ይሆናል። ሰዓት መቀየርም ግን ለውጥ ነውና ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርምሮ ይሁን። መድኃኒቱ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት አይወድም። ድሬዳዋ ወይም አፋር፣ ጅዳ ወይም ዱባይ የሚኖር ሰው ክኒኑን መኪና ውስጥ ወይም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ካስቀመጠ አቅሙን ያሳጣዋል። ለፀጉር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲንም የደም ምርመራውን ስለሚያዛባ ከምርመራ በፊት ቢያንስ 2 ቀን መቆም አለበት።

ቁጥሩ ደህና፣ ሰውየው ግን ያልዳነ

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ቲኤስኤች ልክ ሆኖ፣ አሁንም የሚደክሙ ሰዎች አሉ። ከ100 ሕመምተኞች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት እንዲህ ናቸው ተብሎ ይገመታል። ለእነዚህ ሰዎች «ውጤትሽ ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ሕክምና አይሆንም። የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የመንፈስ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ሕመም መኖሩ መታየት አለበት። አንዳንዶች ቲ3 የተባለውን ሌላውን የታይሮይድ ሆርሞን መጨመር ይረዳናል ይላሉ፤ እስካሁን የተደረጉት ሙከራዎች ግን ወጥ የሆነ ጥቅም አላሳዩም። ይህ ማለት የሚጠይቁት ሰዎች ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ምርምሩ ገና እየተካሄደ ነውና ሐኪም በጥንቃቄ አብሯቸው ሊፈልግ ይገባል።

ከፈረንሳዩ ውዝግብ የማወጣው መደምደሚያ ይህ ነው። ፋርማሲስት የተለየ አምራች ክኒን ሲሰጥ «ይህ ካለፈው ይለያል፣ ከሁለት ወር በኋላ ተመርመሪ» ብሎ ይንገር። ሐኪም መጠን ከመጨመሩ በፊት ሕመምተኛዋ የትኛውን ክኒን፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር እንደምትውጥ ይጠይቅ። ሕመምተኛም የክኒኑን ስም፣ አምራቹን፣ የጀመረበትን ቀንና የምርመራውን ውጤት በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ ባዶውን ካርቶን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ያጋጠመውን ጉዳት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቅም መብቱ ነው፤ ማንም ካላመለከተ ችግሩ እንዳለ አይታወቅምና። እነዚህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት መናገርና መስማትን ነው። ፈረንሳይ ይህን የተማረችው በፍርድ ቤት ክርክርና በብዙ ሰው እንግልት ነው። እኛ ያለዚያ ዋጋ ልንማረው እንችላለን።